የዝንጀሮዋ «ተንኮል»፦ ማስረጃው ምን ያህል ይናገራል?

ስለ እንስሳት ማስተዋል በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ታሪኩን በ1982 ያቀረቡት የስዊስ ተወላጅ የሆኑት የእንስሳት ጠባይ መርማሪ ፕሮፌሰር ሐንስ ኩመር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ እንዲህ ነው። ሐማድሪያስ ከሚባለው፣ ወንዱ ባለ ጎፈር ከሆነው የቆላ ዝንጀሮ ወገን የሆነች አንዲት ሴት፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ጥቂት በጥቂት እየተንፏቀቀች 2 ሜትር ያህል ለመራቅ 20 ደቂቃ ፈጀች። የደረሰችውም ቁመቱ ግማሽ ሜትር ከሚሆን ድንጋይ ኋላ ነበር። እዚያ አንድ ጐረምሳ ዝንጀሮ ነበረና ጠጉሩን እየከፈለች ተባይ ትለቅምለት ጀመር። አውራው ይህን ቢያይ አይታገሥም። ነገር ግን አውራው ካለበት ሆኖ ሊያይ የሚችለው የሴቲቱን ጀርባ፣ ጅራትና አናት ብቻ ነበር፤ እጇና ፊቷ፣ ጎንበስ ያለውም ጐረምሳ፣ በድንጋዩ ተጋርደዋል።

ይህን የሚሰማ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፈገግ የሚልበትም ምክንያት ሴቲቱን የሚያውቃት ስለሚመስለው ነው፤ ከአስተማሪ ዓይን ለመራቅ ከረጅም ጓደኛው ኋላ የሚቀመጥ ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። «ተንኮለኛ ናት» ባልን ጊዜ ያየነውን መናገራችን ብቻ ሳይሆን መፍረዳችን ነው። ተንኮል ማለት እኔ የማውቀውን ሌላው እንዳያውቅ አስቦ ማድረግ ነውና፣ ቃሉን ስንጠቀም ዝንጀሮዋ አውራው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ በልቧ ታስባለች ብለን ቈርጠናል ማለት ነው። መጠየቅ የነበረበት ነገር ሳይጠየቅ በቃሉ ውስጥ ተመለሰ።

ሪቻርድ በርንና አንድሩ ኋይትን የተባሉት ሁለት መርማሪዎች በ1988 ይህንና ይህን የመሳሰሉ ብዙ ታሪኮችን ከመስክ ተመልካቾች ሰብስበው «ስልታዊ ማታለል» በሚል ስም ለትችት አቀረቡ። ሰብሳቢዎቹ በትርጓሜያቸው ጠንቃቆች ነበሩ፤ ድርጊቱ ሌላውን ማሳሳቱን እንጂ አድራጊው ምን እንዳሰበ እናውቃለን አላሉም። ታሪኮቹን ከእነርሱ የተቀበለው አንባቢ ግን ጥንቃቄውን ትቶ ታሪኩን ብቻ ይዞ ሄደ። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ «ዝንጀሮ አእምሮ አለውን?» የሚል አይደለም፤ «ይህ ማስረጃ ምን ያህል ሊናገር ይችላል?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምስክሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ፕሮፌሰር ኩመር ዝንጀሮን በመንገድ አይተው ያለፉ ሰው አይደሉም። በዙሪክ የእንስሳት መጠበቂያ የጀመሩትን ጥናት በ1960 እና በ1961 ከፍሬድ ኩርት ጋር ሆነው ወደ አገራችን በማምጣት፣ በድሬዳዋ አካባቢ በኤረር ጎታ በገደል የሚያድሩትን መንጋዎች ዕለት በዕለት ተከታትለዋል። አንዱ አውራ ጥቂት ሴቶችን በዙሪያው ይዞ እንደሚጠብቅ፣ ከእርሱ የራቀችውን ሴት አንገቷን ነክሶ እንደሚመልስ፣ እንዲህ ያሉት ትንንሽ ቤተሰቦችም ተሰባስበው ትልቅ መንጋ እንደሚሆኑ ለዓለም በዝርዝር ካስረዱት ቀዳሚዎቹ እርሳቸው ናቸው። የምስክሩ ዓይን የሚያጠራጥር አይደለም። ነገር ግን ዓይኑ የታመነ ምስክርም ቢሆን ከአንድ ቀን ትዝብት ሊያወጣ የሚችለው ፍርድ ወሰን አለው።

ያ የ20 ደቂቃ ድርጊት ቢያንስ በሦስት መንገድ ሊተረጐም ይችላል። አንደኛው፣ ሴቲቱ አውራው ካለበት ቦታ ምን እንደሚታይ ገምታ ራሷን ሰወረች የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከዚህ በፊት የአውራው ፊት ሲታያት ወደ ጐረምሳ በቀረበች ቁጥር ተነክሳለች፤ ፊቱ በማይታያት ቦታ ግን አልተነከሰችም፤ ስለዚህ ስለ አውራው ሐሳብ ምንም ሳታስብ በልማድ ብቻ እንዲህ ያለውን ቦታ መረጠች የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ጥላ ወይም የሚበላ ነገር ፈልጋ ቀስ በቀስ ስትንፏቀቅ በአጋጣሚ ከዚያ ደረሰች፤ ከደረሰች በኋላም ጐረምሳውን አገኘችው የሚለው ነው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ደጋግመን ብናነበው ከሦስቱ አንዱን አይመርጥልንም። ለመምረጥ የሚያስፈልገው ታሪኩ ያልያዘው ነገር ነው፤ ይኸውም በሌሎች ቀናት ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ተንፏቀቀች? ስንት ጊዜ ድንጋይ ወደሌለበት ሄዳ ተነከሰች? አውራው ሲርቅስ ያንኑ ጥንቃቄ ታደርጋለች ወይስ ትተወዋለች? የሚለው ነው።

ሁለተኛው ትርጓሜ እንደው ለክርክር ያህል የቀረበ እንዳይመስል፣ ድጋፉ ከራሳቸው ከፕሮፌሰር ኩመር ሥራ ይገኛል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አኑቢስ ከሚባለው የዝንጀሮ ወገን ሴቶችን ወስደው በሐማድሪያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ። የአኑቢስ ሴት በራሷ መንጋ ውስጥ አንድን ወንድ ተከትላ መዋል ልማዷ አይደለም። በአዲሱ መንጋ ግን አውራው ሲዝትባትና ሲነክሳት መሸሽ ሳይሆን መከተል እንደሚያድናት ባጭር ጊዜ ውስጥ ተማረች። እንግዲህ ንክሻ ፈጥኖ የሚያስተምር መምህር መሆኑ በፈተና ታውቋል። ያችም የድንጋዩ ሴት በዚሁ ትምህርት ቤት አልፋለች።

ታሪክ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ሊቃውንት የተረዱት በብዙ ድካም ነው። ጆርጅ ሮማንስ በ1882 «የእንስሳት ማስተዋል» በተባለው መጽሐፋቸው ከልዩ ልዩ ሰዎች የተላከላቸውን አስደናቂ ወሬ ሰብስበው አቅርበው ነበር። ሎይድ ሞርጋን ደግሞ በ1894፣ በዝቅተኛው የአእምሮ ሥራ ሊተረጐም የሚችለውን ድርጊት ወደ ከፍተኛው ማስጠጋት አይገባም የሚለውን ደንብ አወጡ። የራሳቸው ውሻ ቶኒ የአጥሩን በር መወርወሪያ በጭንቅላቱ አንሥቶ ሲወጣ ላየው እንግዳ ሰው ጥበበኛ ይመስል ነበር፤ ነገሩን ከመጀመሪያው የተከታተሉት ጌታው ግን ብልኀቱ ከብዙ ከንቱ ሙከራ በኋላ በአጋጣሚ የተገኘ መሆኑን ያውቁ ነበር። በበርሊንም ሂሳብ ያውቃል የተባለውን ሐንስ የተባለ ፈረስ በ1904 ልዩ ኮሚሲዮን መርምሮ ምንም የማታለል ሥራ አላገኘም። በኋላ ኦስካር ፕፉንግስት ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ ባደረጉ ጊዜ ግን ፈረሱ ሂሳቡ ጠፋው። ያነብ የነበረው ቍጥር ሳይሆን የጠያቂውን የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ልብ እንበል፤ ፈረሱ ሞኝ አልነበረም። ሰዎቹ የማያዩትን ጥቃቅን ምልክት ያያል። የተሳሳተው የማስተዋሉ መኖር ሳይሆን የማስተዋሉ ዓይነት ነበር።

እንግዲህ ከታሪክ ወደ ቍጥር የተሸጋገረ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአገራችን ሳንወጣ ወደ ስሜን ተራራዎች እንሂድ። በዚያ የሚኖረው ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር በሌላ አገር የማይገኝ ነው። አሊዛ ለ ሩና ባልደረቦቿ በ2013 ያሳተሙት ጥናት የተነሣው ከዚያው ከድንጋዩ ጥያቄ ነው፤ ሴቲቱ ከአውራው ሌላ ከሆነ ወንድ ጋር ስትገናኝ ይደባበቃሉን? መልሱ በአንድ ድርጊት ሳይሆን ብዙ ድርጊቶችን በመቍጠርና በማነጻጸር ተገኘ። ጭላዶች ሲገናኙ ድምፅ ማሰማት ልማዳቸው ነው፤ በስርቆሽ የሚገናኙት ግን ብዙውን ጊዜ ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ የሚገናኙትም ይበልጡን አውራው ከ20 ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። አውራውም የደረሰባቸውን እንደሚቀጣ ታየ።

ይህ ማስረጃ ከድንጋዩ ታሪክ እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሦስተኛውን ትርጓሜ፣ ማለት አጋጣሚን፣ ያስወጣል። ነገር ግን ሁለተኛውን አያስወጣም። አውራው ሲርቅ መድፈርና ዝም ማለት ከቅጣት የተገኘ ልማድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በትክክል ልንናገር የምንችለው፣ ጭላዳ መደበቅን ያውቃል፣ የአውራውንም ርቀት ይከታተላል ማለት ነው፤ አውራው የሚያስበውን ያስባል ማለት ግን ገና ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል።

እስከዚህ የተባለው አንባቢን ወደ ሌላው ጥግ እንዳይገፋው ያሰጋል። «እንስሳ በደመ ነፍስ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው» የሚለውም ፍርድ ያለ ማስረጃ የተሰጠ ነው። የሞርጋን ደንብ የጥንቃቄ ደንብ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሞርጋን ራሳቸውም ሌላ ማስረጃ ከተገኘ ከፍተኛውን ትርጓሜ ለመቀበል በሩን አልዘጉም። ማስረጃውም እየመጣ ነው። ክሪስቶፈር ክሩፔንዬና ባልደረቦቹ በ2016 ለቺምፓንዚ፣ ለቦኖቦና ለኦራንጉታን ፊልም አሳይተው ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ በመሣሪያ በተከታተሉ ጊዜ፣ እንስሶቹ በፊልሙ ያለው ሰው ዕቃውን የሚፈልገው ዕቃው ባለበት ሳይሆን አለ ብሎ በተሳሳተበት ቦታ መሆኑን አስቀድመው የገመቱ መሰሉ። በዚህም ላይ ክርክሩ አላበቃም፤ ቢሆንም «ከቶ አይቻልም» የሚለውን ሰው አፍ ያስይዛል።

ከዚህም በላይ በሰውና በእንስሳ መካከል የምናደርገው ንጽጽር ራሱ የተዛባ ነው። ሰውን በፈላስፋው እንመዝናለን፤ እንስሳን ግን በልማዱ። ያ ከረጅም ጓደኛው ኋላ የሚቀመጠው ተማሪ በየቀኑ «አስተማሪው ከዚህ ሆኖ ምን ያያል?» ብሎ ያስባልን? በመጀመሪያው ሳምንት አስቦ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስቀምጠው ልማዱ ነው። ዝንጀሮዋን «ልማድ ነው እንጂ ማስተዋል አይደለም» ብለን የምናሰናብታት ከሆነ፣ ከራሳችንም የዕለት ተግባር ስንቱ ከእርስዋ ጋር አብሮ ሊሰናበት ነው። ጠባያችን ከእንስሳት ጋር የሚገናኘው ምናልባት በከፍተኛው ስፍራ ሳይሆን በዚሁ መካከለኛ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በቅጣት መማር፣ ሌላው ወዴት እንደሚያይ መከታተል፣ ጊዜና ቦታ መምረጥ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ተማሪዎች ከክርክር ያለፈ ጉዳይ አለው። በቆላ ማሳ የሚጠብቁ ሰዎች ዝንጀሮ ጠባቂው ሴት ወይም ሕፃን ሲሆን እንደሚደፍር፣ ወንድ ሲሆን እንደሚፈራ ሲናገሩ ይሰማል። ይህን «ተረት ነው» ብሎ መጣልም፣ «ዝንጀሮ እንደ ሰው ያስባል» ብሎ መቀበልም ያው ስንፍና ነው። ጠባቂዎችን እያፈራረቁ፣ ልብሳቸውንና የያዙትን ዱላ እየለዋወጡ፣ ዝንጀሮው የገባበትንና የተመለሰበትን ሁሉ እየቈጠሩ መመርመር ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የሚገኘውም መልስ ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ማሳውን ለሚጠብቀው ገበሬ ይጠቅማል፤ ዝንጀሮ ከልማድ የሚማር ከሆነ የአጠባበቁ ዘዴ አንድ ነው፣ ሰውን የሚለይና የሚገምት ከሆነ ግን ሌላ ነው።

አባቶቻችን ገላዋን ሁሉ እሾህ የወጋት ዝንጀሮ ከየት እንንቀልልሽ ብትባል «መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ይላሉ። ዝንጀሮ ይህን ያህል ማሰብ መቻሏ ገና አልተረጋገጠም፤ ምክሩ ግን ለመርማሪ የተሰጠ ይመስላል። ስለ እንስሳት አእምሮ ከፍ ያለውን ነገር ከመናገራችን በፊት የምንቀመጥበት ማስረጃ ከእሾህ የጠራ ይሁን።