የሞተው ዓሣ ምን አሰበ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ክሬግ ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኙ። የሰዎች ፎቶግራፍ እያሳዩም «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» ብለው ጠየቁት። ኮምፒዩተሩ ከዓሣው አንጎል ላይ ቀይ ነጥብ አውጥቶ ቁጭ! የሞተው ዓሣ አሰበ ማለት ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቁም ነገር ነው። ኤፍኤምአርአይ የሚሉት ይህ ምርመራ ሐሳብን ፎቶ አያነሳም። የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። አንጎልን በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ሸንሽኖ እያንዳንዱን «ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም?» እያለ በስሌት ይፈትሻል። ቀለሙን የሚቀባው ሂሳቡ ነው። ሺህ ጊዜ የጠየቀ ሰው ደግሞ በአጋጣሚም ቢሆን አንዳንድ «አዎ» ማግኘቱ አይቀርም። ለዚህ ማረሚያ ስሌት አለ፤ እነ ቤኔት ሲጠቀሙበት የዓሣው ነጥብ ድራሹ ጠፋ። ክፋቱ፣ በዚያን ጊዜ ማረሚያውን የሚዘሉ ጥናቶች ጥቂት አልነበሩም።

ማሽኑን ለማጥላላት አይደለም። ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕመምተኛ አንጎል ካሳየ ወዲህ፣ ዕጢውም የፈሰሰው ደምም ራስ ቅል ሳይከፈት ይታያል። የስንቱን ነፍስ አትርፏል! ኤፍኤምአርአይም ቢሆን፣ ሐኪሞች ዕጢ ከማውጣታቸው በፊት የሕመምተኛው ንግግር ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚመራ ያመለክታቸዋል። የሚነቀፈው ምስሉ ያላለውን የሚያስብለው ሰው ነው።

በነዚያ ዓመታት አንዳንድ የአሜሪካ ኩባንያዎች «ውሸታምን በአንጎሉ እንለያለን» ብለው ገበያ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቴነሲ ውስጥ አንድ ተከሳሽ እውነተኛነቱን በዚሁ ምርመራ ሊያስመሰክር ቢሞክር የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አልቀበልም አለ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2012 ውሳኔውን አጸናው። ደግ አደረጉ! ዛሬ ለማስፈታት የተፈቀደ ማስረጃ ነገ ለማሳሰር መቅረቡ አይቀርማ። ያን ጊዜ ሰው የሚፈረድበት በሥራው መሆኑ ቀርቶ በቀለም ነጥብ ሊሆን ነው።

ስለዚህ «የፍቅር ቦታ በአንጎል ውስጥ ተገኘ» የሚል ዜና ከባለቀለም ሥዕል ጋር ስታነቡ ቶሎ አትደነቁ። ስንት ሰው ተመረመረ? ሂሳቡስ ታርሟል? ሌላ ተመራማሪ ደግሞት ያንኑ አግኝቷል? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው፣ ሥዕሉን እንደ ሥዕል አይታችሁ እለፉት።