ሞትን በነጥብ መለካት፦ በነርስ ተማሪዎች የአመለካከት መጠይቅ ላይ የቀረበ ሂስ

የነርስ ተማሪዎች በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ሕሙማን ክብካቤ ያላቸው አመለካከት ሲጠና፣ በብዙ አገሮች የሚያገለግለው አሜሪካዊቷ ካትሪን ፍሮመልት እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቀችው መጠይቅ ነው። ሠላሳ ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት፣ ተማሪው ለእያንዳንዱ ከአምስት የስምምነት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል፤ ድምሩም ከ30 እስከ 150 ይደርሳል። መሣሪያው ለተወለደበት አገር አይነቀፍም። ቅሬታችን ወደ እኛ ሲሻገር በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው።

ከዐረፍተ ነገሮቹ 15ቱ ነጥባቸው ተገልብጦ የሚቆጠር ነው። «በሽተኛው ስለ ሕክምናው እንዲወስን ሊፈቀድለት አይገባም» ለሚል ሐሳብ «አልስማማም» ብሎ መመለስ በአማርኛ ሁለት አሉታ ያደራርባል፤ የደከመ ተማሪ በቀላሉ ይስታል። አማካዩን ነጥብ መለያ አድርጎ ከዚያ በታች ያለውን «ደካማ አመለካከት» ማለትም፣ ተማሪዎቹ ምንም ያህል ቢሻሻሉ ግማሽ ያህሉን ሁልጊዜ ይጥላል።

ከሁሉ የሚከብደው እውነትን የመንገር ጉዳይ ነው። በአገራችን መርዶ ደንብ አለው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ይነገራል። በዚህ ያደገች ተማሪ «አስቀድሞ ለቤተሰቡ ይነገር» ብትል ነጥቧ ይቀንሳል። ይህን ፍርሃት ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ «ባህል ነው» ብሎ ማለፍም አያስኬድም። ያው ባህል ለሚሞተው ሰው ኑዛዜን ደንግጎለታል፦ ዕዳውን የሚናገርበት፣ ልጆቹን አደራ የሚልበት፣ የንስሐ አባቱን የሚያስጠራበት ጊዜ። የተደበቀ ምርመራ ይህንኑ ጊዜ ይነጥቀዋል። መርዶ የተሠራው ለቋሚ እንጂ ለሟች አይደለምና። ተማሪዋ ሁለቱን ደንቦች በአስታማሚዎች ፊት እንዴት እንደምታስታርቅ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር ግን ከሠላሳው ውስጥ አይገኝም።

መጠይቁ ስለ ሕመም ማስታገሻ ሱስ ያነሣል፤ ማስታገሻው በክፍሉ መኖሩን አይጠይቅም። ሞርፊን በሌለበት ሌሊት ከሚያቃስት ሕመምተኛ አልጋ የራቀች ተማሪ ያጎደለችው አመለካከት ነው ወይስ መድኃኒት? በቁጥር ሁለቱ አይለዩም።

ስለዚህ አጥኚዎች ከመጠይቁ ጎን ቃለ መጠይቅ ቢያደርጉ ይበጃል፤ ተማሪዋ የመጀመሪያውን አስከሬን ስትገንዝ አጠገቧ ማን እንደ ነበረ፣ በማግስቱስ ማን እንዳነጋገራት ይጠይቋት። መምህራንም እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ካሉ፣ ሕሙማንን በቤታቸው ከሚጎበኙ ነርሶች ጋር ጥቂት ሳምንታት የምትሠራበትን ጊዜ ከልምምድ መርሐ ግብሩ ቢያወጡላት መልካም ነው።