ያልተቆረጠው ትኬት

አማርኛችን ትኬትን «ቆረጥኩ» ይላል እንጂ «ገዛሁ» ማለት ብዙም አይሆንለትም። ዛሬ የሚቀደድ ጉርድ፣ የሚመታ ማኅተም የለም፤ ትኬቱ ስልክ ላይ የሚበራ የቁጥርና የፊደል ድርድር ሆኗል። ቃሉ ግን አልተለወጠም። ትኬት የቆረጠ ሰው ቀን ይቆርጣል፤ ሐሳቡን ይቆርጣል፤ ከሆነ ሰውም ይቆረጣል። ታዲያ የጉዞ ጽሑፎቻችን ስለዚህ ቆረጣ ለምን ዝም ይላሉ? ለምን ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ መስኮት ይጀምራሉ?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ አንድ ረቂቅ ነው። ጸሐፊው የልጅነት ባልንጀራዬ ነው፤ ቡሬ አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ ተወልዶ ፍኖተ ሰላም ተምሮ ያደገ፣ ዛሬ ኑሮውም ዜግነቱም በውጭ አገር የሆነ ሰው። ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ያየውን ጻፈና «አንብበህ ሳትራራ ተች» ብሎ ላከልኝ። ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ አስተያየቴን በአደባባይ ብሰጥ ቅር እንደማይለው ነግሮኛል። ረቂቁ ገና ሳይታተም መተቸቴ ያለነገር አይደለም። የእሱ ግድፈት የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው።

የጉዞው ሐሳብ የተጠነሰሰው እኔ በነበርኩበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ገብቶ ነበርና ፍኖተ ሰላም አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ እሱ፣ እኔና ታላቅ እህቱ። እህቱ መምህርት ናት። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ሲሞቱ ቤት ተከራይታ፣ ከደመወዟ ቆንጥራ ያስተማረችው እሷ ናት። ስልኩን አውጥቶ አየር መንገዶች በኅብረት የሚሸጡትን «የዓለም ዙሪያ ትኬት» ያሳየን ጀመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2011 የገባበት ስታር አላያንስም ይህን መሳይ ትኬት ይሸጣል። ሁለት ሰው ሆነው፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው አዲስ አበባ ሊመለሱ ነበር ሐሳቡ። «ያሳደገችኝን ዓለም ላሳያት» አለኝ።

የትኬቱን ደንብ ያን ቀን እንደ ድርሰት ነበር ያነበብኩት። ድርሰትም ነው። መነሻና መድረሻው አንድ አገር መሆን አለበት። አቅጣጫው አንድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የጀመረ ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል እንጂ ወደ ኋላ አይልም። አትላንቲክንም ሰላማዊ ውቅያኖስንም አንድ አንድ ጊዜ ያቋርጣል። ከአንድ ዓመት አይበልጥም። የማረፊያ ከተሞቹ ቁጥር ተወስኗል፤ በአንዳንዱ ትኬት እስከ 15 ይደርሳል። ዋጋው አንዳንዱ ዘንድ በማይል፣ ሌላው ዘንድ በአህጉር ይሰላል፤ እንደሚነሡበት አገርም ይለያያል። ቀን መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም፤ መንገድ መለወጥ ግን ያስከፍላል። በማይል በሚሰላው ትኬት ደግሞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በአውቶቡስ ቢሄዱም ያ ርቀት ይታሰባል። ይህን ሲያነብልን እህቱ ሳቀች፤ «ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በእግሬ የተመላለስኩትን ማን ያስብልኝ?» አለች።

ባልንጀራዬ ከተማ ይመርጣል፤ ካርታው ላይ መስመሩ ይዘረጋል። ሁለት ሰዓት ያህል በዚህ ደስታ ቆየን። ከዚያ ደንቡ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር መጣች፦ ለቪዛው ኃላፊው ተጓዡ ነው።

ለእሱ ይህቺ ዐረፍተ ነገር ምንም አይደለችም፤ የያዘው ፓስፖርት አብዛኛውን በር ይከፍታል። ለእህቱ ግን የድርሰቱ ፍጻሜ እሷ ሆነች። ኢትዮጵያ፣ ዜጎቻቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ለማለፍ እንኳ በመርሕ የሸንገን መተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። አሜሪካን አቋርጦ ማለፍም ቪዛ ይፈልጋል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ቀድሞ አይቀርብም። ማመልከቻው ደግሞ እንደ ልማዱ የሚቀርበው በሚኖሩበት አገር ላለው ቆንስላ ነው። እንግዲህ አስሉት። ጉዞው አንድ ዓመት ነው፤ ቪዛው ግን ከስድስት ወር ወዲህ ካልሆነ አይጠየቅም፤ ከመንገድ ላይ ልጠይቅ ቢሉ ደግሞ «ወደ አገርህ ተመልሰህ አመልክት» ነው መልሱ። ትኬቱ በበኩሉ ወደ ኋላ አትመለስ ይላል። ሁለቱ ደንቦች አንድ መንገደኛ ላይ አብረው ሊፈጸሙ አይችሉም። ማንም በክፋት አላሰበውም ይሆናል፤ ትኬቱን የደረሰው ሰው እሷን በዓይነ ኅሊናው አላያትም፤ ያ ብቻ ነው።

ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «አንተ ዙር፤ እኔ እስከ ባሕር ዳር እሸኝሃለሁ» አለችው። ወዲያው ደግሞ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ነገረችን።

አሁን ወደ ረቂቁ። ባልንጀራዬ ጽሑፍ ያውቃል። የገበያ ሽታ፣ የወደብ ጩኸት፣ የማለዳ ብርሃን ሲገልጽ እጁ የሰላ ነው። ስለ ምግብ የጻፈው ያስርባል። ግን 12 ከተሞች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአውሮፕላን መውረድ ይጀምራሉ፣ በአውሮፕላን መሳፈር ያልቃሉ። ተራቸውን ብትለዋውጡት ምንም አይጎድልም። ይህ ለአንድ የጉዞ ጽሑፍ ከባድ ክስ ነው፤ ጉዞ ማለት አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ ነውና። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያቺ በረንዳ የለችም። እህቱ የለችም። አንባቢ ይህን ሰው ከሰማይ የወረደ፣ ዘመድ የሌለው፣ ቪዛ የሚሉት ነገር ሰምቶ የማያውቅ አድርጎ ነው የሚያገኘው። በአማርኛ ተጻፈ እንጂ የፈረንጅ የመንገደኛ መጽሔት ነው።

«ምን ላድርግ፤ የጉዞ ጽሑፍ ወጉ ይኸው ነው» ይለኝ ይሆናል። የማን ወግ? የእኛ የጉዞ ጽሑፍ ሌላ ወግ ነበረው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. በልዩ መልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄዱ፤ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ። «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውንም በዚያው ዓመት አሳተሙ። መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የመንግሥት እንግዳ ያየውን ጃፓን ነው የሚያሳየን፤ የጃፓንና የኢትዮጵያ መመሳሰልም አንዳንዴ ከምኞት የተወለደ ነው። ግን ኅሩይ ከማን ተልከው፣ ለማን ብለው እንደሚያዩ አልደበቁም። ላኪ አላቸው፣ ጉዳይ አላቸው፣ አገር ቤት የሚጠብቅ አንባቢ አላቸው። ባልንጀራዬ ዘንድ የጠፋው ይህ ነው። ኅሩይን በመንገድ ላይ የላካቸው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ እሱን የላከችው አንዲት መምህርት ናት። ላኪን መጥራት ለሚኒስትር ክብር ከሆነ ለእሱ ለምን ያሳፍራል?

ከመጻሕፍትም ወጣ ብለን እንይ። በጎጃም «አገር መዞር» አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዳባውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ይዞር ነበር። ቅኔውን ከጎንጅ ወይም ከዋሸራ፣ ድጓውን ከቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አምባ፣ አቋቋሙን ከጎንደር፣ ቅዳሴውን ከሰለልኩላ ይቀስም ነበር። እሱም ማረፊያው የታወቀ፣ ተራው የተደነገገ ዙሪያ ጉዞ ነው። ልዩነቱ፣ የሚያርፍበትን የሚወስነው የአየር መንገድ ስምምነት ሳይሆን የመምህሩ ዕውቀት መሆኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መንገድ እንዲያ የከበደው ከዚህ ዓለም ስለ ተቀዳ ይመስለኛል። በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ ሲወጣ፣ ሰብለ ወንጌልም እሱን ፍለጋ ቤቷን ጥላ ስትነሣ፣ መንገዱ ራሱ የሰዎቹን ዕጣ ይወስናል። ከመነሣታቸው በፊት ያለውን ቆርጣችሁ ብትጥሉ ልቦለዱ ይፈርሳል።

ባልንጀራዬ የተወለደበት ቡሬ ደግሞ ዙሪያ ጉዞ የሚባለውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በምሥራቅ በባቡር ወጡ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ ገቡ። ሲመለሱ በካርቱም በኩል መጥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ፤ በበላያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በምሥራቅ ወጥቶ በምዕራብ መግባት፤ እንደዚያ ትኬት ደንብ ወደ ኋላ ሳይመለሱ። አብረዋቸው የተሰደዱት ኅሩይ ግን ያን መመለስ አላዩም፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ። ከመነሻው የሚመለስ ትኬት ለሁሉ እንደማይቆረጥ የጉዞ ጸሐፊያችን በሕይወታቸው አሳይተውናል።

እነሆ ይህ ሁሉ ካለ፣ ባልንጀራዬን ለምን እንዲህ እንደጨከንኩበት አንባቢ ሊረዳኝ ይገባል። የረቂቁ አሥረኛ ምዕራፍ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ያለች አንዲት ከተማ ናት። ጊዜው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ባሕሩን፣ ዓሣውን፣ የማታውን ሙዚቃ ይነግረናል። እኔ ግን ያን ሰሞን ሌላ ነገር አውቃለሁ። በአማራ ክልል ጦርነቱ ተፋፍሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ የአየር ጥቃት ደረሰ፤ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የእህቱ ስልክ አልነሣ አለ። ባልንጀራዬ ከዚያች የባሕር ዳርቻ ሌሊት ሌሊት እየደወለ «ምን ሰማህ?» ይለኝ ነበር። እኔም ምንም አልሰማሁም ነበር። ትኬቱን ቢለውጥ ይችላል፤ ቀን መለወጥ አያስከፍልም፤ መንገድ ለመለወጥም ገንዘብ አላነሰውም። ግን ወዴት ይለውጠው? ባሕር ዳር ቢደርስ እንኳ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ተዘግቷል። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነችው ከተማ መንገድም ሰላምም አጥታለች። ከሳምንታት በኋላ ድምፅዋን ሲሰማ፣ እሷ የጠየቀችው «የት ደረስክ?» ብላ ነው።

ይህ በረቂቁ ውስጥ አንድ ቃል የለም። ማታውን ሙሉ ሙዚቃ ሲሰማ የነበረ ይመስላል። ሰውየው አልዋሸም፤ ሙዚቃም ነበረ። የሆነውን ሁሉ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ ያን ሌሊት ከልቡ የነበረውን ትቶ ከጆሮው የነበረውን ብቻ ሲጽፍ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል እንጂ አይከብድም። አሥረኛውን ምዕራፍ ሳነብ ያሰለቸኝ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ምክንያቱን አላወቅሁትም፤ ያቺን በረንዳ ሳስታውስ ገባኝ።

የሚገርመው፣ ዓለምን መዞር ራሱ ከጥንቱም ጎዶሎ ነበር። ፓን አሜሪካን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1947 የመጀመሪያውን መደበኛ የዓለም ዙሪያ የመንገደኛ በረራ ሲጀምር፣ በአሜሪካ ውስጥ ለውስጥ የመብረር ፈቃድ ስላልነበረው አገሩን ሳያቋርጥ በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ያለውን ክፍተት ትቶ ነበር የሚዞረው። ዞረ የተባለው አየር መንገድ ያልደረሰው የገዛ አገሩን ነው። ባልንጀራዬም እንዲሁ ነው፤ 12 ከተማ ዞሮ ያላለፈበት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ያለው መንገድ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውና፦ ረቂቁ እንዳለ ቢታተም የሚነበብ፣ የሚረሳም ይሆናል። ከከተሞቹ አራት አምስቱ ይውጡና ያቺ በረንዳ መጀመሪያ ትግባ፤ የትኬቱ ደንብ፣ የቪዛው ስሌት፣ የቀዘቀዘው ቡና። አሥረኛው ምዕራፍ ከነስልክ ጥሪው እንደገና ይጻፍ። ያን ጊዜ ከተሞቹን ተራቸውን መለዋወጥ አይቻልም፤ አንባቢም እያንዳንዱን ከተማ ያቺ ሴት ልታየው እንደነበረ እያሰበ ያነበዋል።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ለባልንጀራዬ በስልክ አነበብኩለት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እሷ ታነበዋለች እኮ» አለኝ።

ታንብበዋ! ለማን ኖሯል የተጻፈው?