ጠባቂ ሲበላ፦ የአምስተኛው «ትሪሃውስ ኦፍ ሆረር» ሂሳዊ ዳሰሳ

«ዘ ሲምፕሰንስ» የተሰኘው የአሜሪካ የአኒሜሽን ኮሜዲ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ «ትሪሃውስ ኦፍ ሆረር» በሚል ርዕስ የሃሎዊን ልዩ ዝግጅት ያቀርባል። ዝግጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋቀረው በሦስት አጫጭር ታሪኮች ነው። በእነዚህ ታሪኮች የሞተ ገጸ ባሕርይ በቀጣዩ ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይመጣል። ነጻነቱ ለደራሲ አደገኛ ነው፤ ሞት መዘዝ ከሌለው ተመልካችን የሚይዘው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1994 ለእይታ የበቃውና ጂም ሪርደን ያዘጋጀው አምስተኛው ዝግጅት መልሱን በጭብጥ አንድነት ይፈልጋል። አባት፣ ገዥና መምህር፣ ሊጠብቁ የተሾሙት ሁሉ፣ በየተራ በላተኛ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ታሪክ የስታንሊ ኩብሪክን የ1980 ፊልም «ዘ ሻይኒንግ»ን በፓሮዲ ይከተላል። የሲምፕሰን ቤተሰብ በክረምት የባለሀብቱን የበርንስን ባዶ ቤት ሊጠብቅ ይሄዳል፤ በርንስ ቴሌቪዥኑንና ቢራውን ያቋርጣል፤ አባትየው ሆመር ያብዳል። ኩብሪክ የእብደቱን ምንጭ ሆን ብሎ አድበስብሶታል። እዚህ ግን ምንጩ እርቃኑን ቀርቧል፣ ፈውሱም ያው ነው፤ በበረዶ ላይ የወደቀች ትንሽ ቴሌቪዥን መጥረቢያ የያዘውን አባት ታረጋጋለች። በሽታንና መድኃኒትን በአንድ ዕቃ ማሰር የሰላ ስላቅ ነው፤ ዒላማውም በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ተመልካች ራሱ ነው።

የዝግጅቱ ልቀት ሁለተኛው ታሪክ ላይ ይታያል። መነሻው የሬይ ብራድበሪ የ1952 አጭር ልቦለድ ነው፦ በሩቅ ዘመን የተረገጠች አንዲት ቢራቢሮ የዛሬን ዓለም ትለውጣለች። ሆመር የዳቦ መጥበሻ ሊጠግን ሲነካካ የጊዜ ማሽን ይሠራል፤ በዳይኖሰሮች ዘመን አንዲት ትንኝ ገድሎ ሲመለስ ደጉ ጎረቤቱ ፍላንደርስ የዓለም ገዥ ሆኖ ይጠብቀዋል። ደግነት ሥልጣን ሲይዝ ሁሉም በግድ ፈገግ ይላል። ሴራው የሚጦዘው ግን ሆመር ከሌላ ጉዞ ተመልሶ የተመኘውን ሁሉ ሲያገኝ ነው፦ ሀብት፣ ጨዋ ልጆች፣ የሚጠላቸው የሚስቱ እህቶች ሞት። ዶናት የሚባል ነገር ግን በዚያ ዓለም አይታወቅም። በድንጋጤ ጮኾ ይሸሻል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ከሰማይ ዶናት ይዘንባል። እዚህ ላይ ምፀታዊ ሁኔታው ምሉዕ ነው። ተመልካቹ ያያል፣ ሆመር ግን ፈጽሞ አያውቅም፤ የገጸ ባሕርይውም ጠባይ፣ ሆዳምነቱና ችኩልነቱ፣ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ይገለጻል።

ሦስተኛው ታሪክ በጥሩ ሐሳብ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይደክማል። የትምህርት ቤቱ በጀት በመቀነሱ የምግብ ቤቱ ሥጋ የረከሰ ነው፣ የቅጣት ክፍሉም በተማሪ ተጨናንቋል፤ ርዕሰ መምህር ስኪነር ሁለቱን ችግሮች በአንድ መፍትሔ ይፈታል፣ ተማሪዎቹን ያስበላል። ይህም ጆናታን ስዊፍት በ1729 የድሆችን ልጆች ለምግብነት ባቀረበበት ጽሑፉ የተጠቀመበት ቀዝቃዛ የአስተዳደር አመክንዮ ነው። ስዊፍት ግን እርምጃ በእርምጃ ያከርረዋል፤ እዚህ ከመጀመሪያው ተማሪ በኋላ ያው ቀልድ ይደጋገማል። በመጨረሻም የሆመር ልጅ ባርት ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ነገሩ ሕልም ነበር። ወዲያው የሰውን ውስጡን ወደ ውጭ የሚገለብጥ ጉም ገብቶ በዚህ አጨራረስ ላይ ያላግጣል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ማላገጡ እውነት ነው፤ በደካማ መደምደሚያ ላይ መሳለቅ ግን ለታሪኩ ጠንካራ መደምደሚያ አያስገኝለትም።

ሦስቱን ታሪኮች የሚያስተሳስር አዝማችም አለ። የግቢው ሠራተኛ ዊሊ በየታሪኩ ሊያድን ይመጣል፣ በየታሪኩም በመጥረቢያ ጀርባውን ተመትቶ ይወድቃል፤ በአባት፣ በሕፃኗ ማጊ፣ በርዕሰ መምህሩ። ድግግሞሹ ያስቃል፤ ከጭብጡ ጋር ሲነበብ ደግሞ አዳኝ የሌለበትን ዓለም ያሳያል።

በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ታሪክ በአጭር ሳቅ ውስጥ ሙሉ ሰው የሳለ የላቀ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ግን ሐሳቡን አልሞላም። ዝግጅቱን ያላየ አንባቢ የኩብሪክን ፊልም አስቀድሞ ቢመለከት የመጀመሪያውን ታሪክ ሙሉ ጣዕም ያገኛል፤ ለሁለተኛው ምንም ቅድመ ዝግጅት አያስፈልገውም።