አንድ ዘንግ፣ ሦስት አቆጣጠር፦ የኤክስአሬይ ማውጫ ከገዳሪፍ ድንበር ሲታይ

“1881” የሚል መለያ ብቻውን ሲጻፍ ሁለት ታሪክ ይጠራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሐመድ አሕመድ ራሱን መሕዲ ብሎ ያወጀበት ዓመት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ የወደቁበት ነው። ይኸው የመተማ ጦርነት በአውሮፓውያን 1889፣ በሂጅራ 1306 ይባላል፤ ከሱዳን ወገን ደግሞ በገላባት ስም ይታወቃል። ከገዳሪፍ እስከ መተማ የአማርኛ፣ የትግርኛና የዐረብኛ ቃላዊ ትረካ ለሚያደራጅ የቋንቋ ባለሙያ ይህ የዕለት ተዕለት ችግር ነው።

ኤክስአሬይ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ ይመስላል። ስቴፋን ሆየር የጀመረውና በ2014 ለሕዝብ የቀረበው ይህ የፓይተን ላይብረሪ የድርድርን ዘንግ በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም ያስጠራል፤ በአንድ ዘንግ ላይም ብዙ መለያ ያስቀምጣል። ጥቅሙ አያጠራጥርም። ሆኖም መለያዎቹ እኩል አይደሉም፤ ማውጫ በራሱ የሚበጅለት የዘንጉን ስም የተጋራው መለያ ብቻ ነው። “ጊዜ” የተባለው መለያ የአውሮፓውያንን ቀን ከያዘ፣ የኢትዮጵያና የሂጅራ ዓመታት በአጠገቡ ይቀመጣሉ እንጂ በቀጥታ አይጠየቁም።

ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስም መፍትሔ አይሆንም። የኢትዮጵያ 1881 የሚጀምረው በመስከረም 1888 ነው፤ ተራኪው ዓመት ብቻ ከተናገረ መላሹ ከሁለት ዓመት አንዱን በግምት ይመርጣል። ያን ጊዜ ምስክርነቱ የተራኪው መሆኑ ቀርቶ የመዝጋቢው ይሆናል።

ከ2022 ወዲህ ተጠቃሚው ለሌሎች መለያዎችም ማውጫ ማበጀት ይችላል። ማሻሻያው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት የተለያዩ ማውጫዎችን ሲጠራ ላይብረሪው ስሕተት ይመልሳል። በአማርኛ “መተማ”፣ በዐረብኛ “ገላባት” የተባለውን መዝገብ በአንድ ጥያቄ መፈለግ የሚቻለው ስሞቹ በባለብዙ ደረጃ ማውጫ ከተጣመሩ ነው። ይህ ግን አንዱን የፊተኛ፣ ሌላውን የኋለኛ ደረጃ ያደርጋል፤ ስሞቹ ግን ጎረቤታሞች እንጂ አለቃና ምንዝር አይደሉም።

ስሕተት መመለሱ በዝምታ ከመገመት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እያንዳንዱ ማውጫ ለየብቻው መልሶ የጋራው ውጤት ቢወሰድ ነው፤ መልሶቹ ካልተገናኙም ባዶው ውጤት ራሱ ለተመራማሪው ማስረጃ ነው። ለአእምሮ የቀረበ ንድፍ ማለት ተናጋሪው በሰጠው ስም መፈለግ የሚያስችል ንድፍ ነው።