«ተላመደ» የሚለው ቃልና የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ትምህርት፦ ከምዕራብ ሸዋ ሲታይ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው አምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ የጤና ተቋማት ስለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ለሕመምተኞች የሚሰጠው ትምህርት በይዘቱ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ከሚሰጠው የተለየ አይደለም። ጀርሞች መድኃኒትን ይላመዳሉ ይባላል፤ የተጀመረ መድኃኒት ሳያልቅ አይቋረጥም ይባላል፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት አይገዛም ይባላል። እነዚህ አባባሎች በበጎ ሐሳብ የተነገሩና ለብዙ ዓመታት የተደጋገሙ በመሆናቸው ማንም ቆም ብሎ ሲመረምራቸው እምብዛም አይታይም። ነገር ግን አንድ ትምህርት የሚመዘነው በተናጋሪው በጎነት ሳይሆን በሰሚው አእምሮ ውስጥ በሚተወው ሐሳብ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የተለመደው ትምህርት ከፍ ያለ እርማት የሚያስፈልገው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «መላመድ» ከሚለው ቃል ነው። በአማርኛ የሚላመድ ነገር ሁሉ በዕድሜው ውስጥ የሚለወጥ ነው። ወይፈን ቀንበር ይለምዳል፤ የቆላ ሰው የደጋውን ብርድ ይለምዳል። እንግዲህ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደው» ሲባል ሰሚው የሚረዳው አንዱ ጀርም መድኃኒቱን ደጋግሞ ቀምሶ እንደጠነከረ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከዚህም አልፎ የተላመደው ጀርሙ ሳይሆን የራሱ የሕመምተኛው ሰውነት እንደሆነ አድርጎ ይወስደዋል። «ይህን ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» የሚለው ጥያቄ በካርድ ክፍልም ሆነ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አዲስ አይደለም። ይህ ሰው ትምህርቱን አልሰማም ሊባል አይችልም። ሰምቷል፤ የሰማው ግን የተሳሳተ ነገር ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። መቋቋም ከመድኃኒቱ በፊት ነበር። ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና በሕዝብ እጅ አልገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናትም 30,000 ዓመት ገደማ በሆነው የካናዳ በረዷማ አፈር ውስጥ ቤታ-ላክታምን፣ ቴትራሳይክሊንንና ቫንኮማይሲንን ለመቋቋም የሚያስችሉ ዘረመሎች መኖራቸውን አሳይቷል። ሻጋታና ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲዋጉ የኖሩ ናቸውና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። መድኃኒቱ የሚያደርገው መምረጥ ነው፤ የማይችሉትን ይገድላል፣ የሚችሉትን ይተዋል፣ የተተዉትም ባዶ የቀረውን ቦታ ይሞላሉ።

ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ከእርሻው የራቀ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በስንዴ ማሳ ላይ «ቱ-ፎር-ዲ» የተባለው ፀረ-አረም በየዓመቱ ሲረጭ ቅጠለ ሰፋፊው አረም ይጠፋል፤ ሙጃና የመሳሰሉት የሣር ዘሮች ግን መድኃኒቱ ስለማይገድላቸው ከዓመት ወደ ዓመት ማሳውን ይወርሳሉ። ሙጃው ቱ-ፎር-ዲን «ተላምዶ» አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አይገድለውም ነበር፤ የተወገደው ጎረቤቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ገበሬ በአንጀት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚነገረውን ለመረዳት አይቸገርም። የጤና ትምህርቱ እስከ ዛሬ ይህን ዕውቀቱን ሳይጠቀምበት መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ሙጃ ባሕርይውን ለስንዴ አያወርስም። ባክቴሪያ ግን ያወርሳል። አንዱ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይሠራል፣ ሌላው መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠባል፣ ሌላው የገባውን መልሶ በፓምፕ ያስወጣል፣ ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን የአካል ክፍሉን ይለውጣል። እነዚህን ችሎታዎች የሚሸከሙት ዘረመሎች ብዙውን ጊዜ ፕላዝሚድ በተባሉ ትናንሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶች ላይ ስለሚገኙ ከኢ.ኮላይ ወደ ክሌብሲየላ፣ ጉዳት ከማያደርሰው የአንጀት ነዋሪ ወደ በሽታ አምጪው ይሻገራሉ። በአንድ ፕላዝሚድ ላይ የብዙ መድኃኒቶች መቋቋሚያ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለጉንፋን ያለ አግባብ የተዋጠ አንድ መድኃኒት ፈጽሞ ያልተወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶችን ጭምር ከጥቅም ውጪ ሊያደርግ ይችላል።

የቃሉ ስሕተት ከቋንቋ ጉዳይ አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «ተላመደ» የሚለው አገላለጽ ጉዳቱ በወሳጁ ላይ ብቻ የሚደርስ ያስመስላል። አንድም መድኃኒት በአፉ ያልገባ አራስ ሕፃን ግን ከእናቱ፣ ከአዋላጇ እጅ ወይም ከማሞቂያው አልጋ መድኃኒት የሚቋቋም ክሌብሲየላ ሊይዘው ይችላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮች የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ባርናርድስ የተባለው ጥናት በአራስ ሕፃናት ደም ውስጥ ከተገኙት ግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንንና ጄንታሚሲንን የሚቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ ይገመታል። አምቦ ላይ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲገጥም ቀጣዩ እርምጃ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ያም ለቤተሰቡ ከብት የሚያስሸጥ ጉዞ ነው።

«ሳይጨርሱ አያቋርጡ» የሚለው ምክር አጠር ባለ ቃል ሊታለፍ ይችላል። ምክሩ ለሳንባ ነቀርሳ ፍጹም ትክክል ነው፤ በዚያ በሽታ መቋቋም የሚመጣው በሕክምናው ሂደት በሚከሰት የዘረመል ለውጥ ስለሆነ መድኃኒትን ማቆራረጥ አደገኛ ነው። ከዚያ ተወስዶ ለሁሉም ኢንፌክሽን የተዳረሰ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ጽሑፍ ይህ ምክር ለአብዛኛው ኢንፌክሽን በቂ ማስረጃ እንደሌለውና አላስፈላጊ ርዝመት ያለው ሕክምና ራሱ መቋቋምን እንደሚያበረታታ ተከራክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የፀረ-ባክቴሪያ መጽሐፍም ከሆስፒታል ውጪ ለሚያዝ ቀላልና መካከለኛ የሳንባ ምች 5 ቀን ይበቃል ይላል። ይህ ማለት ሕመምተኛው ሲሻለው በራሱ ይተው ማለት አይደለም። የቀኑን ቁጥር የሚጽፈው ባለሙያ 7 ወይም 10 ብሎ ከልማድ እንዳይጽፍ ማለት ነው። ማሳሰቢያው ለሕመምተኛው ሲነገር ለጸሐፊው አለመነገሩ ነው ጉድለቱ።

ወደ ዋናው ነቀፌታ የሚያደርሰውም ይኸው ነው። የተለመደው ትምህርት ጥፋተኛ አድርጎ የሚያቆመው ሕመምተኛውን ነው፤ ያለ ትዕዛዝ የሚገዛው፣ የሚያቋርጠው፣ ከጎረቤት የሚዋሰው፣ የቴትራሳይክሊን ዱቄት ቁስል ላይ የሚነሰንሰው እርሱ ነው። እነዚህ ድርጊቶች እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው በትዕዛዝ ወረቀት፣ በማኅተምና በፊርማ የማያስፈልገውን መድኃኒት ይዞ ሲወጣ ማን ይወቀሳል?

ለዚህ የዊዳል ምርመራን ያህል ግልጽ ማስረጃ የለም። በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ትኩሳት ያለው ሰው ወባ ከሌለበት ደሙ ለዊዳልና ለዌል-ፊሊክስ ይላካል፤ ጠብታዋ በስላይድ ላይ ስትረጋ ከታየች «ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብህ» ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዲስ አበባ የታተመ ጥናት ትኩሳት ከነበራቸው 270 ሕመምተኞች መካከል በደም ካልቸር የሳልሞኔላ ትኩሳት የተረጋገጠባቸው 7 ብቻ እንደነበሩ ገልጿል፤ በዊዳል አለባቸው የተባሉት ግን 88 ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ በካልቸር የተረጋገጡት 5 ናቸው። አወንታዊ ውጤቱ እውነት የመሆን ዕድሉ 5.7 በመቶ መሆኑ ነው። ካልቸርም ቢሆን ከእውነተኛ ሕሙማን ብዙዎቹን ሊስት እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ይህም ሆኖ ክፍተቱ በዚህ አይሞላም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የዓለም ጤና ድርጅት «በጥንቃቄ የሚያዙ» ብሎ ከመደባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። በሆስፒታሎች ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶንም ከዚያው ምድብ ነው። እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ በእጁ የያዘ ገበሬ «ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትግዛ» የሚለውን ምክር በሚገባ አክብሯል፤ አንጀቱ ውስጥ የሚካሄደው መረጣ ግን ወረቀቱን አይጠይቅም።

ምክሩ የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ትዕዛዝ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በኢትዮጵያ ከጥንትም አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንደገና ተጠናክሯል። ከጀልዱ ገጠር ለገበያ የወጣች እናት ግን ያላት አንድ ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ወረፋ አለው፤ ደርሳም መድኃኒቱ አልቋል ልትባልና ወደ መድኃኒት መደብር ልትላክ ትችላለች። ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ መደብሩ ብትሄድ ምን አጠፋች ለሚለው ጥያቄ ትምህርቱ መልስ የለውም። መልሱ ያለው በጤና ጣቢያው አቅርቦት፣ እንዲሁም ሦስት እንክብል ቆርጦ በሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ነጋዴው ትርፉን ያውቃል፣ ሕጉንም ያውቃል።

ስለ ከብቶች ዝም መባሉም እንግዳ ነው። አምቦና ጉደር የእንስሳት ሕክምና ለረጅም ጊዜ ትምህርት የተሰጠባቸው ከተሞች ናቸው፤ አካባቢውም ላምና በግ የማይታጣበት ነው። ገበሬው ለላሙ የሚያስወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን እርሱ ራሱ ከሚወስደው ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መርፌው ሳይወጣላት የታለበ ወተት፣ ያልበሰለ ሥጋና ሳይደርቅ ወደ ጓሮ የሚወጣ ፍግ ሁሉ መንገድ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ለነበረው ጊዜ የወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ ሰውን፣ እንስሳንና አካባቢን አጣምሮ ማየቱ ተገቢ ነበር፤ በጤና ጣቢያ ደጃፍ የሚሰጠው የጠዋት ትምህርት ግን ስለ ላም አንድ ቃል አይናገርም።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 የመቋቋም ቅኝት መረብ ጀምሯል። መረቡ የሚሠራው ግን ናሙና ሲላክ ነው፤ ጤና ጣቢያ ካልቸር አይሠራም፣ በሆስፒታል ያለ ሐኪምም ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶኑ ከተሰጠ በኋላ ነው ደም የሚያስቀዳው፤ ውጤቱም ሕመምተኛው ከወጣ ወይም ከሞተ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት ይቋቋማል ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ እስኪገኝ ድረስ «ተላመደ» የሚለውን ቃል በ«ተመረጠ» ወይም በ«የሚቋቋመው ብቻ ተረፈ» መተካት የሚቻለው ዛሬውኑ ነው፤ ወጪም አይጠይቅም። በአምቦ ትምህርቱን ከሚሰሙት አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ደግሞ ከአማርኛው ላይ ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ ሙጃን ከሚያርሙት ሰዎች አንደበት ቃሉን መፈለግ ይቀድማል፤ ትምህርቱም ከመጠበቂያው አዳራሽ አልፎ ትዕዛዝ ወደሚጻፍበት ክፍል መግባት አለበት።