የሌላ ዓለም መንገደኞች፦ «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» ከእኛ የመንገደኛ ትረካ አንጻር

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ሊያጠና ያሰበው የጃፓን የካርቱን ፊልሞችን ነበር፤ በተለይም አንድ ተራ ወጣት ድንገት ከሚኖርበት ዓለም ተነጥቆ ወደ ሌላ ዓለም የሚገባባቸውን፣ ጃፓኖች «ኢሴካይ»፣ ማለትም «ሌላ ዓለም» የሚሏቸውን። «ይህ የልጆች ጨዋታ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም» ብዬ መለስኩት። ልጁም ርእሱን ለውጦ ተመረቀ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልስ የዘገየ እርማት ነው።

እርማቱ የተጀመረው በምኖርበት በሸጎሌ ነው። የሠፈሩ ልጆች ፊልሞቹን በስልክ እየተቀባበሉ ያያሉ። ስለ ገጸ ባሕርያቱ ሲከራከሩ ብሰማ እኔም ማየት ጀመርኩ። ካየኋቸው መካከል ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» የተሰኘውን ተከታታይ ፊልም ነው። ፊልሙ ጃፓናዊቷ ደራሲ ኦኖ ፉዩሚ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ልቦለዶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2003 በኤንኤችኬ ቴሌቪዥን በ45 ክፍሎች ቀርቧል። የጽሑፉ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ነው፦ ወደ ሌላ ዓለም መሻገር በዚህ ድርሰት ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? ከእኛ የትረካ ልማድስ በምን ይለያል?

2. ሄዶ የሚመለሰው መንገደኛ

ሌላ ዓለም ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ሄኖክ ሄኖክ ወደ ሰማይ ይነጠቃል፤ የነፋሳትን መዛግብትና የብርሃናትን መንገድ ያያል፤ ያየውንም ለልጁ ለማቱሳላ ያስረክባል። በተረፈ ባሮክ ደግሞ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ያሸልባል። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል፤ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተማርኳል፤ ከተማይቱም አልታወቅ ብላዋለች። የለቀመው በለስ ግን ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። አቤሜሌክ ወደ ሌላ ዓለም አልሄደም፤ ዓለሙ ጥሎት ሄደ እንጂ። በእጁ የቀረው በለስ የታሪኩ ምስክር ነው።

ይህ ልማድ ከልብ ወለድ ውጭም ይታያል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። የሦስቱም መንገደኞች ዋጋ ይዘው በተመለሱት ነገር ይለካል። በዚህ ልማድ መንገደኛ ማለት ምስክር ማለት ነው።

የጥንቱ የጃፓን ተረትም ከዚህ አይርቅም። ዓሣ አጥማጁ ኡራሺማ ታሮ ከባሕር በታች ካለው ቤተ መንግሥት ሲመለስ በአገሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ያገኛል፤ አትክፈት የተባለውን ሣጥን ሲከፍትም ባንድ አፍታ ያረጃል። የአቤሜሌክ በለስ ያለፈውን ጊዜ ይክዳል፤ የኡራሺማ ሣጥን ግን ያለፈውን ጊዜ ያስከፍላል። ሁለቱም ግን የመመለስ ታሪኮች ናቸው። እንግዲህ በዛሬዎቹ ብዙ ፊልሞች መንገደኛው በሄደበት መቅረቱ፣ ቤተሰቡንም ከነጭራሹ መርሳቱ፣ የጃፓን ጥንታዊ ልማድ ሳይሆን የዘመናችን ምኞት ነው ማለት ይቻላል። በነዚህ ፊልሞች ወጣቱ ሳይደክም ኃይል ይሰጠዋል፤ በአገሩ ያልተከበረው በሄደበት ይከበራል።

3. ዮኮ፦ ያልተመኘችው ጉዞ

«አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» ከዚህ መንገድ ይወጣል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዮኮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ወላጆቿንም፣ መምህራኗንም፣ ጓደኞቿንም ላለማስቀየም ስትል የራሷ አሳብ የሌላት ልጅ ሆናለች። አንድ ቀን ኬኪ የተባለ እንግዳ ሰው ከፊቷ ተንበርክኮ ይገዛላታል፤ ሰይፍ ሰጥቶም ባሕር ያሻግራታል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ክብር ሳይሆን መባረር ነው። ከወደቀችበት መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች የጥፋት ምልክት ተደርገው ይታደናሉና።

የትልሙ ጥንካሬ በክህደቶቹ ቅደም ተከተል ላይ ይታያል። በመጀመሪያ ደግ የመሰለች ሴት አስጠግታ ልትሸጣት ታስባለች። ቀጥሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደዚያ ዓለም የገባ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ይገጥማታል። ሽማግሌው የአገሩን ቋንቋ ሰምቶ ያለቅሳል፤ ስለ ጦርነቱ ፍጻሜም ይጠይቃታል። ከዚያ ያላትን ሰርቆ ይጠፋል። ይህ ትዕይንት የአገር ልጅነት ብቻውን ለመታመን ዋስትና እንደማይሆን ያለ ስብከት ያሳያል።

በመጨረሻ ዝናብ ላይ ወድቃ ያነሣት ራኩሹን ነው፤ የአይጥ መልክ ያለው፣ በዚያ አገር ትምህርትና ሹመት የተከለከለ ፍጡር። አውሬዎች ባጠቁበት ጊዜ ዮኮ እርሱን ወድቆ ጥላው ትሸሻለች፤ እንዳይጠቁምባት ልትገድለው እስከማሰብም ትደርሳለች። የታሪኩ ጡዘት የሰይፍ ፍልሚያ አይደለም፤ ዮኮ በዚህ አሳቧ ያፈረችበት ቅጽበት ነው። ሌሎች ቢከዷትም ማመን ግን የራሷ ውሳኔ መሆኑን ከዚህ ትማራለች።

4. የቋንቋ ጉዳይ

እንደኔ አስተያየት የፊልሙ ምርጥ ክፍል ለቋንቋ የሰጠው ቦታ ነው። በሌሎች ፊልሞች መንገደኛው የሄደበትን ቋንቋ ያለ ምክንያት ይናገራል። እዚህ ግን ከዮኮ ጋር የተሻገሩት የክፍል ጓደኞቿ፣ ሱጊሞቶና አሳኖ፣ አንዲት ቃል አይሰሙም፤ ዮኮ ብቻ ትረዳለች። ምክንያቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፦ ዮኮ ከመጀመሪያውም የዚያ ዓለም ልጅ ናት፤ ወደ ጃፓን በስሕተት የተወለደች እንጂ። የቋንቋው እንቆቅልሽ ለዚህ ግኝት ንግር ሆኖ ያገለግላል።

በሸጎሌ ለሚኖር ሰው ይህ ጉዳይ ቅርብ ነው። የሠፈሩ ስም ከቤኒሻንጉሉ ገዥ ከሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ስም እንደመጣ ይነገራል። «ሼክ ሆጀሌ» በአዲስ አበቤ አፍ «ሸጎሌ» ሆኗል። ከሩቅ የመጣ ሰው ስሙ እንኳ በመጣበት መልኩ አይቆይም፤ የተቀበለው አገር በራሱ አፍ ያቃናዋል።

5. ከልቦለድ ወደ ፊልም፤ ጥንካሬና ድካም

በልቦለዱ ዮኮ ብቻዋን ነው የምትሻገረው፤ ጥርጣሬዋንም አንድ ጦጣ መሰል መንፈስ ይነግራታል። ሱጊሞቶና አሳኖን የጨመሩት የፊልሙ አዘጋጆች ናቸው። የሱጊሞቶ መጨመር ትርፍ አለው። ሱጊሞቶ የምናብ ልቦለዶች አንባቢ ናት፤ የተመረጥኩት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች፤ ለዚህም ስትል ከዮኮ ጠላት ጋር ታብራለች። ሌላ ዓለም ሳይሻ የተወሰደና ሌላ ዓለም ተመኝቶ የማይፈለግ ሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሱጊሞቶ በመጨረሻ ወደ አገሯ የምትመለሰው ምኞቷን ጥላ ነው። በእኛ ልማድ ሚዛን እውነተኛዋ መንገደኛ እርሷ ሳትሆን አትቀርም። አሳኖ ግን በትልሙ ውስጥ የረባ ሚና ሳይኖረው ይጠፋል።

ከዚህ የከበደው ድካም ሌላ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በተራ ልጅ ነው፤ ኋላ ግን ልጅቱ ንጉሥ ሆና የተመረጠች መሆኗ ይገለጣል። በዚያ ዓለም ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም፤ ኪሪን የተባለው ፍጡር በሰማይ ትእዛዝ ይመርጣል፤ ንጉሡ ከፍትሕ ከራቀም ኪሪኑ ይታመማል። ሥርዓቱ ከዘር ቆጠራ ይሻላል፤ ሆኖም ሕዝቡ በምርጫው ድምፅ የለውም። ድርሰቱ ይህን ጥያቄ አንሥቶ እስከ መጨረሻው አይገፋበትም።

ይህን ድካም በከፊል የሚክሰው የዮኮ የመጀመሪያ አዋጅ ነው። ዙፋን ላይ ከወጣች በኋላ አገሩን ስለማታውቅ ቤተ መንግሥቱን ትታ በሕዝቡ መካከል ትኖራለች። ስትመለስም፣ ከሥነ ሥርዓት ቀን በቀር ማንም በማንም ፊት በግንባሩ እንዳይደፋ ታውጃለች። እጅ መንሣት ምን እንደነበረ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ የዚህ አዋጅ ክብደት ማብራሪያ አያሻውም።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው፣ ይህ ድርሰት ሌላ ዓለምን ከራስ ማምለጫ ሳያደርግ ከራስ ጋር መገናኛ ያደርገዋል። ከእኛ ልማድ የሚለየው ዮኮ ባለመመለሷ ነው፤ የሚቀራረበው ደግሞ ጉዞው ዋጋ በማስከፈሉ ነው።

ጉዳዩ የፊልም ብቻ አይደለም። በሠፈሬ እነዚህን ፊልሞች ያዩ ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በዓረብ አገር ናቸው። ቋንቋውን ሳያውቁ፣ ማንን ማመን እንዳለባቸው ሳይለዩ ሄዱ። ሲሄዱ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው የዮኮ መንገድ ይሁን የሱጊሞቶ ምኞት፣ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ያ ተማሪ ሊጠይቀው የፈለገው ይህንኑ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አልጠየቅሁትም። ወደፊት ተመሳሳይ ርእስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ቢኖር የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ?» የሚል አይሆንም። «መንገደኛው ምን ይዞ ሄደ? ምንስ ከፈለ?» የሚል ይሆናል።